በእህቴ ስም የተወጋሁት መርፌ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12 ቀን። የእህቴ ቀኝ ጉንጭ አብጦ ዓይኗን ደፍኖታል።

ቃል ሰጪ፦ የተጎጂዋ ታላቅ እህት
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከፖሊስ ጣቢያው ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ከፋርማሲው በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ቃል መስጠት የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡10

ለምስክርነት የተጠራሁት የእህቴ ባል በውበት ክሊኒኩ ሐኪም ላይ ባቀረበው አቤቱታ ነው። ሐኪሟ ከትናንት አመሻሽ ጀምሮ በዚሁ ጣቢያ በቁጥጥር ሥር ናት። እህቴ ዛሬ 4፡30 ላይ ቀዶ ጥገና ክፍል ስለምትገባ ቃሌ ቶሎ እንዲጻፍልኝ ከሁሉ አስቀድሜ ጠይቄአለሁ። ሳጅኑም "የሚጽፈው እጄ አንድ ነው፤ ይቀመጡ" ብሎኛል። ተቀምጫለሁ።

ሰኞ መጋቢት 7 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እኔና እህቴ ወደ ክሊኒኩ አብረን ሄድን። እህቴ 41 ዓመቷ ሲሆን በመጋረጃ ሱቅ ሻጭ ናት። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ለሱቁ ኃላፊነት ቃለ መጠይቅ ነበራት፤ የምትወዳደራት ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። አለቃዋ ከዚያ በፊት አንድ ጠዋት "ምነው፣ እንቅልፍ አጣሽ እንዴ?" ብሏት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኝታ ነው የሄደችው። ቀጠሮውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ለእሷ ግንባሯን፣ ለእኔ ከአፍንጫ ወደ አፍ ጥግ የወረደውን መስመር።

እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ነርስ የሁለቱን መርፌዎች ልዩነት አስረዳችን። አንደኛው ጡንቻ ያሳርፋል፤ ፊት ሲኮማተር ለሚወጣ መስመር ነው፣ ለውጡ እስኪታይ እስከ ሳምንት ይፈጃል፣ ከሦስት አራት ወር በኋላ ይለቃል። ሁለተኛው ጄል ነው፤ ፊት አርፎም ለማይጠፋ መስመር ነው፣ የጎደለውን ይሞላል፣ ወዲያው ይታያል፣ ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ ችግር ካመጣም ማሟሟቻ መድኃኒት አለው። ለመለየት እንዲመቸን አንዱን አስተኚው፣ ሌላውን ሞሊው አልናቸው።

እህቴ ይህን ስትሰማ ሐሳቧን ቀየረች። አስተኚው እስኪሠራ ሐሙስ ያልፋል አለች። የኪስ መስታወቷን አውጥታ ጉንጯን በሁለት ጣቷ ወደ ላይ እየሳበች፣ "እትዬ፣ እይ፤ እንዲህ ስይዘው የሱቁ ኃላፊ ነኝ። ስለቀው የእናታችን አክስት" አለችኝ። እኔም "የእናታችን አክስት ቢያንስ ጥርሷ ሙሉ ነበር" አልኳት። እህቴ ከዘጠኝ ቀን በፊት የላይኛውን የቀኝ መንጋጋ ጥርሷን ተነቅላ ነበር። ነርሷ ይህን ሰምታ በሳቃችን መሃል ገባች። ጥርስ የተነቀለ ሰው ቁስሉ ሳይድን ጄል አይወጋም፣ ጄሉ ሊመረቅዝ ይችላል፣ ለአስተኚው ግን ችግር የለውም አለችና ቅጾቹን በመጀመሪያው ቀጠሮ መሠረት ሞልታ አስፈረመችን፣ የምንወጋው የሚጻፍበትንም ካርድ በየስማችን ሰጠችን። እህቴ መስታወቷን ዘጋች። አኮረፈች።

ካርዶቹን የመለዋወጡ ሐሳብ የእኔ ነው። ነርሷ የማደንዘዣ ቅባት ፊታችን ላይ ቀብታ፣ በስስ ላስቲክ ሸፍና፣ ፀጉራችንን በወረቀት ቆብ አስገብታ ወጥታ ነበር። ያለዚያም ቢሆን መልካችን ቁርጥ አንድ ነው። ውስጥ ያለችው ሐኪም አንዳችንንም አይታ አታውቅም። ካርዴን ለእህቴ ሰጠኋት፣ የእሷን ወሰድኩ። በላቦራቶሪ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የጠርሙስ ስያሜ የቀያየረን ተማሪ አንድ መንፈቅ ሙሉ ከላቦራቶሪ አግጄ አውቃለሁ። የማደርገው ነገር ምን እንደሆነ አልጠፋኝም።

እህቴ ቀድማ ገባች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የተባባሉትን ሰምቻለሁ። ሐኪሟ ስሟን ጠየቀቻት፤ የእኔን ስም ተናገረች። ሐኪሟ "በቅርቡ ጥርስሽን ታክመሻል?" ስትላት "ኧረ የለም" አለች። ሐኪሟ ደግማ ጠየቀቻት። "ብረት የሚቆረጥም ጥርስ ነው ያለኝ" አለቻትና ሁለቱም ሳቁ። ስትወጣ ጉንጯ ሞልቶ ነበር፤ እውነት ለመናገር አምሮባታል። ቀጥዬ እኔ ገብቼ በእህቴ ስም ግንባሬን ተወጋሁ። ደጅ ስንደርስ ካርዶቻችንን መልሰን ተለዋወጥን።

ሐሙስ ቃለ መጠይቁን ተፈተነች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደውላ ጉንጬ ይሞቀኛል፣ ይጠዘጥዘኛል አለችኝ። በረዶ ያዢበት አልኳት። ዓርብ ጠዋት ዓይኗ ተዘጋ፣ ትኩሳቷ 39 ገባ። ባሏ ሆስፒታል ወሰዳት። ቦርሳዋ ውስጥ በስሟ የተጻፈውን የክሊኒክ ካርድ አገኘ፤ ካርዱ "ግንባር" ይላል። እሱም የግንባሩ መድኃኒት ወርዶ ጉንጯን መረዘው ብሎ ለፖሊስ አመለከተ። የሆስፒታሉ ሐኪሞች ደግሞ ግንባሩን የተወጋ ሰው ጉንጩ አያብጥም፣ ይህ ከተነቀለው ጥርስ የመጣ መግል ነው ብለው ሊከፍቱት ወሰኑ። ሁሉም ያነበቡት ያንኑ ካርድ ነው።

ትናንት በተኛችበት ክፍል እውነቱን ለሐኪሞቹ ለመናገር አፌን ስከፍት እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። መንጋጋዋ ስለማይላወስ በጥርሷ መሃል፣ "እትዬ፣ ዝም በይ። ሐኪሟን ይለቋታል። የጄሉን ቅጽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺን አይለቁሽም" አለችኝ። ዛሬም የመጣሁት ምንም አላውቅም ለማለት ነበር።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በኮሪደሩ ተራ ስጠብቅ ሐኪሟን ይዘዋት አለፉ። ጫማዋ ማሰሪያ አልነበረውም። የተጎጂዋ እህት መሆኔን አጃቢዋ ሲነግራት ቆማ፣ "ተሻላት?" ብላ ጠየቀችኝ። አላወቀችኝም። እኔ መልስ ሳልሰጥ የእህቴ ባል ከአግዳሚው ወንበር ተነሣ። ለወትሮው እትዬ እያለ በአንቱታ የሚያናግረኝ ሰው ነው። "አንቺን ነው! እህትሽ እንዲህ ሆና ግንባርሽ እንኳ አልተቋጠረም!" አለኝ። ልቋጥረው ሞከርኩ። አልሆነልኝም። እሱም በአቤቱታው ላይ ፊርማውን አኑሮ እየተሳደበ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሣም።

ካርድ መለዋወጣችንን ለሳጅኑ ስናገር አላመነኝም። ሐኪሟን ለማስፈታት ሰው ልኮኝ እንደሆነ ጠይቆኛል። ማንም አልላከኝም። ከዚያም "እስቲ ቅንድብዎን ከፍ ያድርጉት" አለኝ። ሞከርኩ። በሚቀጥለው ጠረጴዛ ያለችውን ጸሐፊ ጠራት። ፊቴ ላይ ጎንበስ ብላ፣ "ሳጅን፣ ይሄ ግንባር አይደለም፤ የተተኮሰ አንሶላ ነው" አለች። ቀጥላም "ክሊኒኩ የት ነው ያለው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሳጅኑ "ሥራሽን ሥሪ" አላት። ቅንድቤ እንዳልተነሣ በቃሌ ውስጥ ይስፈር ተብሏል።

በዚህ ጊዜ ሰዓት ጠየቅኩ፤ 3፡41 ነው ተባልኩ። ሳጅኑ ወደ ሆስፒታሉ ክፍል ሦስት ጊዜ ደውሎ የሚያነሣ አላገኘም። ከጣቢያው በፊት ወደዚያ መሄድ ይገባኝ ነበር። ሐኪሞቹ ምን እንደሚያደርጉ እነሱ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ቢላዋ ከማንሣታቸው በፊት ጉንጯ ውስጥ ጄል እንዳለ ሊያውቁ ይገባል። የጄሉ ዓይነትና ቁጥር ያለው በእኔ ስም በተጻፈው ካርድ ላይ ነው። ካርዱ በእጄ ነው።

እዚህ የሰፈረው ተነቦልኛል፣ እውነት ነው። ሐሰቱ በክሊኒኩ እኔ በፈረምኩት ቅጽ እህቴን ማስወጋቴ ነው፤ ተጠያቂዋም እኔ ነኝ እንጂ ሐኪሟ አይደለችም። ሳጅኑ የካርዱን ፎቶ ኮፒ አንሥቼ እንድመለስ አዞኛል፤ ኮፒ ቤቱ ከግቢው በር ማዶ ነው። በሩን ስወጣ ግን ኮፒ ቤት አልገባም፤ ታክሲ ይዤ ካርዱን ለሐኪሞቹ አደርሳለሁ። ይህንንም ጻፍልኝ አልኩት። ብዕሩን አቁሞ አየኝ። ከዚያ ጻፈው።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ (ቆማ ፈርማለች)
የመርማሪ ሳጅን ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ምስክሯ የወጣችበት ሰዓት፦ 3፡53። ፎቶ ኮፒው አልቀረበም።