የነጂው ክብደት

ከዳላሱ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት የሠራተኞች ፓርኪንግ ወደ ተርሚናል በሚያመላልሰን ባስ ላይ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ያገሬ ሰዎች ስልክ ላይ የሳይክል ስፕሪንግ ይመርጣሉ። የሰው ወሬ ማድመጥ ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አማርኛ ግን ሳይጠሩት ነው ጆሮ የሚገባው።

«ሌዊስቪል ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ስነዳው ወገቤን ቆረጠኝ። ስፕሪንጉ ደርቋል፤ ሌላ ኦርደር አድርግልኝ» አለ ባለሳይክሉ።

«የሚመረጠው በነጂው ክብደት ነው ይላል። ስንት ፓውንድ ነህ?»

«መቶ ሠላሳ ስምንት።»

«አትቀልድ! ስትገዛው መቶ ሰማንያ አልነበርክም? ሶ፣ ስፕሪንጉ ምን አደረገ? የቀለልከው አንተ ነህ!»

«ጾሙ ነው።»

«ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንቱ! ረቡዕና ዓርብ እንኳን በማይጾምበት፣ የምን ጾም ነው?»

ባለሳይክሉ የላላ ቀበቶውን ሳብ አደረገ።

«ሐኪም አይቶሃል?»

«አይቶኛል። ጉበቴ ላይ ነው። ተሰራጭቷል አለኝ።»

«ወይኔ ወንድሜን! ለባለቤትህ ነገርካት?»

«ቪዛዋ ገና መውጣቱ ነው፤ ጁን ላይ ትገባለች። እስከዚያ በቪዲዮ የማወራት ጃኬት ደራርቤ ነው።»

«በዚህ ሙቀት?»

«የዳላስ ብርድ ገና አልወጣም ብያታለሁ።»

«እና አሁንም ሳይክል ያምርሃል?»

«ታዲያ ተኝቼ ልጠብቃት?»

ጓደኛው ወደ ስልኩ አቀረቀረ። «ኦኬ፣ መቶ ሠላሳ ስምንት ብዬ ልሙላ?»

«ለጁን የሚሆነኝን ሙላ። መቶ ሃያ በለው።»

«እግዚአብሔር ይማርህ» ልለው አፌን ከከፈትኩ በኋላ፣ እንዳልሰማ ሰው ወደ መስኮቱ ዞርኩ።