በቀለም የተጻፈ ድምፅ

ዝናቡ ድንገት ወርዶ ገበያተኛውን ሲበትነው፣ እኔም ሮጬ ቴኔን ኬይታ ሱቅ ገባሁ። ቴኔን የሙያ ትምህርት ቤት የጨረሰች ልጅ ናት፤ በዚህ በባማኮ ሰፈራችን ከካሴት ወደ ሲዲ ድምፅ የምትገለብጠው እሷ ናት። ገና ፊቴን ሳልጠርግ አባ ዛንኬ ኩሊባሊ ቀሚሳቸው በስብሶ ገቡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ባዛን የሚባለውን ጨርቅ ሲነክሩ የኖሩ፣ ጥፍራቸው ሰማያዊ ሆኖ የቀረ ሽማግሌ ናቸው። በአንድ እጃቸው ክር የታሰረበት ሲዲ፣ በሌላው በላስቲክ የተጠቀለለ ካሴት ይዘዋል።

«አንቺ ባቄላ በላተኛ!» አሉ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። «የሚስቴን ድምፅ የት አደረግሽው?»

የኩሊባሊና የኬይታ ዘሮች ሲገናኙ በባቄላ እየተሰዳደቡ መቀላለድ የቆየ ወጋቸው ስለሆነ ስድቡ አላስደነገጠኝም። ነገር ግን የዛሬው ስድብ ሳቅ አልነበረበትም።

«ባቄላውንማ ጨርሰውት መጥተው የለም እንዴ፣ አባባ? በሉ ይቀመጡ» ብላ ቴኔን ወንበር አቀረበችላቸው። «ምን ሆኑ?»

«አምና ባመጣሁልሽ ሲዲ ገልብጠሽልኝ ነበር። ይኸው ዲዳ ሆነ! እሑድ ትንሿን ልጄን ሳራንን እድራለሁ። እናቷ ስትሞት ገና ትድህ ነበር፤ ድምፅዋን አታውቀውም። ኒዬሌ በትልቋ ልጃችን ሠርግ ላይ የዘፈነችውን ይዘሽ ካዬስ ከተማ ባልሽ ቤት ትገቢያለሽ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። ካሴቱ ደግሞ አርጅቷል፤ አንድ ጊዜ ቢያጫውት ነው። ምን ይዋጠኝ?»

ቴኔን ሲዲውን አገላብጣ አየችው። «የት ነበር ያስቀመጡት?»

«ማስቀመጥ ምን ማለት ነው? ሰቀልኩት እንጂ! መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ ስታገኘው ቤቱን እንዲያበራው። ሣጥን ውስጥ ልቆልፍባት ኖሯል? ኒዬሌን አንድ ጊዜ ቀብሬያታለሁ፤ ሁለተኛ አልቀብራትም።»

ይህን ሲሉ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። የሚወዱትን ነገር ከዓይን ፊት ማኖር ክፋት የለበትም፤ በየቤታችን የምናደርገው ነው። ጉዳት የሚመጣው የዕቃውን ጠባይ ሳናውቅ ስናከብረው ነው።

አባ ዛንኬ ከኪሳቸው ሌላ ባዶ ሲዲ አወጡ። «ለዛሬው ከድልድዩ ሥር ተከምሮ ከሚሸጠው ራሴ መርጬ መጥቻለሁ። እስቲ እይው፣ ሲያብለጨልጭ! ባዛን ተወቅጦ ተወቅጦ እንዲህ ሲያብለጨልጭ አይደል የሚወደደው?»

«ታዲያ እርስዎ ያብለጨለጨውን ሁሉ ይገዛሉ?»

«ሞኝ መሰልኩሽ? ሙጫ ለቅልቀው እንዲያብለጨልጭ ያደረጉትስ? ገና ሲታጠብ ጆንያ ይሆናል።»

«በምን ይለዩታል?»

«ገልብጬ አየዋለኋ! ጠርዙን እዳስሳለሁ። ብርሃን ላይ ዘርግቼ ቀለሙ እኩል መያዙን አያለሁ።»

«እንግዲያው ይህንንም እንደዚያው ይዩት።»

ሽማግሌው እየተነጫነጩ ሲዲውን ወደ አምፖሉ አነሡት። ዓይናቸውን አጥብበው እንደገና አዩት። «እዚህ ጋ ሳስቷል። ዳሩም መላጥ ጀምሯል» አሉና ወዲያው ተቆጡ። «ቢሆንስ? ይሄ ጨርቅ አይደለም!»

«ጨርቅስ አይደለም፣ አባባ። ግን ውስጡ ቀለም ተቀብቷል። ማሽኑ ድምፁን የሚጽፈው እዚያ ቀለም ላይ ነው፤ ቀለሙ ከለቀቀ ድምፁም አብሮ ይሄዳል።»

«ቀለም?»

«አዎን፣ ቀለም።»

አባ ዛንኬ ክር የታሰረበትን ሲዲ ጭናቸው ላይ አኖሩት። «እኔ ዛንኬ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ባዛኑን ጥላ ውስጥ አስጡ፣ አጥፋችሁ ሣጥን ውስጥ ክተቱ እያልኩ በሰው ሚስት ሁሉ ላይ የምጮኸው ሰውዬ… ፀሐይ ላይ ሰቀልኳት?»

«ጥፋቱ የእኔም ነው። አምና ያመጡትን ሲዲ አይሆንም ማለት ሲገባኝ፣ እንዳይቀየሙ ብዬ ተቀበልኩ።»

«መቼም ኬይታ እውነት የሚናገረው ከረፈደ ነው» አሉ፤ አሁን ግን ከንፈራቸው ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ቴኔን ካልተከፈቱ ሁለት እሽጎች አንዳንድ ሲዲ አወጣች። «በአንድ አላምንም፤ ሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች በሠሯቸው ሁለት ሲዲዎች እገለብጣለሁ፤ የአንዱ ፋብሪካ ሥራ ቢከዳን የሌላው ይተርፋል። ማሽኑን አላጣድፈውም። ሲያልቅም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እናዳምጠዋለን። እርስዎ ደግሞ በሹል እስክሪብቶ እንዳይጽፉበት፣ ወረቀትም እንዳይለጥፉበት። ጥቂት ዓመት ሲቆይ ይዘውልኝ ይምጡ፣ በአዲስ እንቀይረዋለን። ካሴቱንም እንዳይጥሉት።»

«ጨርቅ የምትነክሪ መሰለኝ እኮ፤ እኔም አላጣድፍም» አሉ አባ ዛንኬ።

ካሴቱ ገባ። ትንሽ እንደሄደ ድምፁ ተጎተተ፤ ጥብጣቡ ተይዞ ነበር። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። ቴኔን ትንፋሿን ይዛ ጥብጣቡን በጣቷ አላቀቀችው፣ በእርሳስ እያዞረች አጠበቀችው፣ መልሳ ከፈተችው። ከበሮ ተሰማ። ቀጥሎ የአንዲት ሴት ድምፅ፣ ወፍራምና ትንሽ ሻካራ፣ የዚያን ጊዜዋን ሙሽራ በስሟ እየጠራ ወጣ። አባ ዛንኬ ቆባቸውን አወለቁ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተቀመጡም።

እሑድ እኔም ሠርጉ ላይ ነበርኩ። በሙሽራይቱ ክፍል ግድግዳ ላይ ሲዲ በክር ተሰቅሎ ሳይ ልቤ ክው አለ። አክስቶቿ «የኒዬሌ ድምፅ ይኸውና!» እያሉ ይመርቁታል። አባ ዛንኬ ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ «ዲዳው ነው። ለዓይናቸው ተውኩላቸው። ኒዬሌ በሙሽራይቱ ሣጥን ውስጥ ናት፣ ከባዛኖቹ መሐል፤ ሁለተኛዋ ሲዲ ከትልቋ ልጄ ቤት» አሉኝ።

ቀለሙ እኩል የያዘ፣ ዳሩ ያልተላጠ፣ ከእሽጉ ያልወጣ ሲዲ መምረጥ፣ ሁለት አድርጎ መገልበጥ፣ ከፀሐይ ማራቅ፤ ይህ ትንሽ ጥንቃቄ ነው። ለሳራን ግን የማታስታውሳትን እናቷን ሰጥቷታል። የካዬስ የሙቀት ወራት ካለፉ በኋላ፣ ከአባ ዛንኬ ጋር ቴኔን ሱቅ ተቀምጠን ሳለ ሳራን ደወለችላቸው። ስልኩን ከማጫወቻው አጠገብ አድርጋው ነበር፤ ከበሮው እዚህ ድረስ ተሰማ።

«እንግዲህ አባባ፣ የሚስትዎን ድምፅ የት እንዳደረግሁት አወቁ?» አለች ቴኔን።

ሽማግሌው ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሡ በሰማያዊ ጣታቸው አስፈራሯት።

«ዝም በይ፣ አንቺ ባቄላ በላተኛ! ሚስቴ እየዘፈነች ነው።»