ልጄ ለጋሽ ታደሰ የነገረቻቸው

ጋሽ ታደሰ በሥራ ቀን ካዚኖ ውስጥ ካርድ ያድላሉ፤ እሑድ ሴንቴኒያል ሂልስ ሰፈር እኛ ቤት ሲመጡ ግን የምላስ ሐኪም ናቸው። የአምስት ዓመቷ ልጄ የምትለውን ታውቃለች፤ አፏ ነው የማይታዘዝላት። እሳቸው ግን "የንግግር ቴራፒ ምን ይሠራል? ሁለት ቋንቋ ደባልቃችሁባት ነው" ብለው ጀመሩ። ከዚያ ማር ምላሷ ላይ እንድንቀባ አዘዙ፤ ከዚያ ዘግይቶ አፉን የፈታ የእህታቸውን ልጅ ታሪክ ቀጠሉ። ልጄ ስታያቸው ቆየችና ከንፈሯን ገጠመች። ቴራፒስቷ ስንት ሳምንት ያለማመደቻትን ቃል ጥርት አድርጋ አወጣችው፦ "በቃ።"

ጋሼ ደነገጡ። "ምን አለች?"

እልል ልል ምንም አልቀረኝም፤ ግን እንግዳ አክባሪ ነኝ። "ቴራፒስቷ መደጋገም ነው የሚጠቅማት ብላናለች" አልኳቸውና ወደ ልጄ ዞርኩ። "ድገሚላቸው የኔ እናት።"

ደገመችላቸው።