የሮማ ሴኔት በካርቶን

ከቀበሌ ስብሰባ ስመለስ፣ ወደ ሳቢያን ሰፈር በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት አስተማሪዎች ያወሩ ነበር።

«ለተማሪዎችህ የሠራኸው የሮማ ጨዋታ እንዴት ሆነ?»

«አቦ ተወኝ፣ አልሆነም።»

«ክረምቱን ሙሉ ካርቶን ስትቆርጥ ከርመህ?»

«ሁሉንም ሴናተር አደረግኳቸው። ግማሹ ሲደግፍ ግማሹ ሲቃወም ነው ጨዋታው የሚሄደው። ድምፅ ስጡ ስል ግን ሁሉም ለድጋፍ እጃቸውን አወጡ።»

«መቃወም ይቻላል አላልካቸውም?»

«አልኳቸው እንጂ! ለሱም አጨበጨቡ።»

«ወይ ጉድ!»

«በመጨረሻ ‹አንዱ ሴናተር ይገደል› የሚል ካርድ ወጣ። እሱም በሙሉ ድምፅ አለፈ።»

«በሙሉ ድምፅ? የሚገደለው ልጅስ?»

«እሱማ ከሁሉም ቀድሞ ነው እጁን ያወጣው።»

ስብሰባው ላይ ለድጋፍ ሲወጣ የዋለውን ቀኝ እጄን ቀስ ብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።