ካሜራው የማያያቸው እትዬ ተሻለች

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ለእትዬ ተሻለች ክብር ይህን ንግግር እንዳደርግ የተመረጥኩት አንደበተ ርቱዕ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ኃላፊያችን ቱሳ፣ "ማይኩ ስለተበላሸ ለታ ይናገር" ስላለ ነው።

እትዬ ተሻለች ከጮሌ ከተማ ተዛውረው የባህል ቡድናችንን የተቀላቀሉ ዕለት ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ያኔ አሰላ ውስጥ ከእኔ ሌላ ተዋናይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ልምምድ ላይ ሳለን አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት በሩ ላይ ቆሙ። ሄጄ፣ "እናቴ፣ ቴአትሩ ቅዳሜ ነው፤ ያኔ ይምጡ" አልኳቸው። "እሺ ልጄ" ብለው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ተመልካች አገኘሁ ብዬ ይባስ ጮህኩ። ስንጨርስ ቱሳ፣ "እናትህን ሆነው የሚጫወቱት እሳቸው ናቸው" አለኝ። እሳቸው ደግሞ፣ "በርታ፣ ጮሌ ድረስ ይሰማል" አሉኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።

ቦርሳቸው ውስጥ ቆሎ እንደማይጠፋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቃለ ተውኔቱን በቃሉ ያልያዘ ግን አይቀምሳትም። እኔ በዚህ ምክንያት ሁለት ዓመት ያህል ቆሎ ሳልበላ ኖሬአለሁ።

ከአሥር ዓመት በፊት ሄኒ የምትባል ዳይሬክተር መጥታ ሁለታችንን ለፊልም መረጠችን። ቀረጻው ሁሩታ አጠገብ፣ የአቶ ጉርሙ ገብስ ማሳ ዳር ነው። እትዬ ተሻለች "ወንድምህን ቀበርነው" ይሉኛል፤ እኔ መርዶውን እሰማለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የእሳቸው ፊት ተቀረጸ፤ በአንድ ጊዜ አለቀ። ተራው የእኔ ሆነ። ገና "ወንድምህን" ሲሉ ራሴን ይዤ ጮህኩና ገብሱ ላይ ተዘረርኩ። ሄኒ፣ "ለታ፣ ካሜራው እኮ አጠገብህ ነው፤ ለማን ነው የምትጮኸው?" አለችኝ። ደግሜ ወደቅኩ። አቶ ጉርሙ በትሕትና፣ "የሚወድቅበትን ቦታ ብትነግሩኝ አስቀድሜ አጭደው ነበር" አሉ። ሄኒ "ምንም አታድርግ" ስትለኝ ምንም አላደረግኩም። ቀረጻውን መልሳ ስታሳየኝ የሮቤ ሚኒባስ የሚጠብቅ ሰው መስያለሁ።

ዘጠኝ ጊዜ ተበላሸ። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፤ ካፊያም ጀመረ። ሄኒ እትዬ ተሻለችን፣ "የእርስዎ አልቋል፤ መኪና ውስጥ ይረፉ፣ ቃሉን ሌላ ሰው ያነብለታል" አለቻቸው። "ልጁ መርዶ ከወረቀት ይስማ?" አሉና እዚያው ካሜራው ጎን ቆሙ።

በአሥረኛው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ወንድምህን ቀበርነው" አሉኝ። እንባቸው ወረደ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ መውደቁንም ረሳሁት። "መቼ?" ብቻ አልኩ። ቆይታ ሄኒ "በቃ" አለች።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ "ካሜራው እኮ አያይዎትም ነበር፤ ለምን አለቀሱ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አንተ ታየኝ የለ እንዴ?" አሉኝ።

ፊልሙ ከወጣ በኋላ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ፣ "ያቺ 'መቼ' ያልካት ነገር አስለቀሰችኝ" ይለኛል። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ "አመሰግናለሁ" እላለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም እሳቸው አጠገቤ ቆመው ነው የተመሰገንኩት። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። የኔ ዝምታ ግን ከእሳቸው ጋር የሚተካከል አልነበረም።

እትዬ ተሻለች፣ አሥር ዓመት ሙሉ የእርስዎን ምስጋና ስቀበል ኖሬአለሁ። ያን ቀን እኔ አልተወንኩም፤ የሰማሁትን ሰማሁ እንጂ። ስለ ፊልም ትወና የማውቃት ይህችው መስማት ብቻ ናት፤ እሷንም ያስተማሩኝ ማንም በማያይዎት ቦታ፣ ካፊያ ላይ ቆመው ነው። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። አፈርኩ። ይቅር ይበሉኝ፤ ክብረት ይስጥልኝ።

እንግዲህ ለስላሳም አምቦ ውሃም የያዛችሁ፣ ብርጭቋችሁን ከፍ አድርጉልኝ። ለእትዬ ተሻለች፦ ጉልበትዎ ይጽና፣ ቤትዎ በልጅ ልጅ ይሙላ፣ ጤናው አይለይዎት። እንጠጣላቸው።