ስለ ብርቱካናማው ሲባጎ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ዴሊያ ማርኬት ስቶልትዝ
ዕድሜ፦ 27
ሥራ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት
አድራሻ፦ ነብራስካ፣ ሃዝልተን
ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ ዋዮሚንግ፣ የወረዳው ሸሪፍ ጽሕፈት ቤት
ቀን፦ ጁላይ 19 ቀን 2019፣ ከቀኑ 10፡05

ከላይ ስሜ የተጠቀሰው እኔ ስለ ዛሬው አደጋ ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። በቅድሚያ አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። ወደዚህ ክፍል ስገባ «በልምድ ማነስ መኪናውን መቆጣጠር አቅቶኝ» የሚል አስቀድሞ የተጻፈ ወረቀት ቀርቦልኝ ፈርሚ ተብያለሁ። አልፈረምኩም። ያ የአማቴ የአቶ ቨርሊን ስቶልትዝ ቃል እንጂ የእኔ አይደለም።

በፒካፕ መኪና ስጎትተው የነበረው ተጎታች ቤት የአማቴ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ ግራንትና አማቴ ከተራራው ማዶ ወዳለ የቤተሰብ ስብሰባ ለመሄድ ትናንት ጠዋት ከቤት ተነሣን። ተራራ ላይ ተጎታች ስጎትት የመጀመሪያዬ ነው፤ አልደብቅም። ስለዚህም መመሪያውን አንብቤ በትምህርት ቤታችን ግቢ ሁለት ሳምንት ተለማምጃለሁ። ተጎታቹ የራሱ ፍሬን አለው። ፍሬኑ የሚሠራው ከፒካፑ ኋላ በሚሰካ ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ነው፤ ገመዱ ሲሰካ ከመሪው አጠገብ አረንጓዴ መብራት ትበራለች። በቆምንበት ሁሉ ወርጄ ገመዱን በእጄ እነካ ነበር። አማቴ «ፕሮፌሰሯ የልብ ትርታውን ልታዳምጥ ወረደች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እሳቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የድርቆሽ ጋሪ ያለ ፍሬን የጎተቱ ሰው ናቸው። በእኛ ሜዳማ አገር ትልቁ ቁልቁለት የእህል ጎተራው መውጫ ነው።

ዛሬ ከቀኑ 6፡30 ገደማ ተራራው አናት ላይ ለምሳ ቆምን። እኔና ግራንት ጠረጴዛ ላይ ሳንድዊች ስንበላ አማቴ ፒካፑን ወደ ጥላ ላዙረው ብለው ሄዱ። ሲያንቀሳቅሱት ተጎታቹ ሁለት ጊዜ ሲነጥር አየሁ። ከዚያ ወርደው በፒካፑና በተጎታቹ መካከል ጎንበስ አሉ፤ ጀርባቸው ስለከለለኝ እጃቸውን አላየሁም። ግራንት ከአጠገቤ አልተነሣም። ሲመለሱ ጠየቅኋቸው።

«ምን ነክተው ነው?»

«ምንም። ይሄ ፍሬንሽ እንደ እልኸኛ በቅሎ ይነጥራል። ጎማ መጨረስ ነው ሥራው።»

«እስቲ ልየው።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ አንቺ ሳትወለጂ ነው ስጎትት የኖርኩት!»

ግራንት ክንዴን ያዝ አድርጎ «ተይው በናትሽ፣ ዲ። አንድ ቀን እንኳ ሳንጨቃጨቅ እንዋል» አለኝ።

ስለ ግራንት ብዬ ተውኩት። በሁለቱ ቀን ገመዱን ሳልነካ የተነሣሁት ያኔ ብቻ ነው። የእኔ ጥፋት እሱ ነው፤ ከዚያ በላይ አይጻፍብኝ።

7፡15 ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ከሁለተኛው ጥምዝ በኋላ አንድ ነገር ከኋላዬ ይገፋኝ ጀመር፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰው ትከሻ። ፍሬን ስረግጥ የሚይዘው ፒካፑ ብቻ ነበር። አረንጓዴዋን መብራት ባያት ጠፍታለች። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ መኪናውን ሞላው። «ገመዱ ተነቅሏል» አልኩ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት አማቴ «ጌታ ሆይ፣ ረሳሁት» አሉ።

ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገባ። ፍሬን እምቢ ላላቸው መኪናዎች የተሠራውን የጠጠር አቀበት ምልክት ሳይ መሪውን ወደዚያ ጠመዘዝኩ። ፒካፑ ጠጠሩ ውስጥ ሰጥሞ ቆመ። ተጎታቹ ግን ታጥፎ መጥቶ በግራንት በኩል ያለውን በር ደረመሰው። ሰዓቱ 7፡31 ነበር። ግራንት በሄሊኮፕተር ተወስዷል፤ እስካሁን አልነቃም። የእጅ አንጓቸው የተሰበረው አማቴ «ፍሬኑ ላይ ተኝታበት አቃጠለችው» ብለው ቃል ሰጥተዋል።

ቃሌን የሚቀበሉት ምክትል ሸሪፍ ገመዱ በግጭቱ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል ብለውኛል። በግጭት የተነቀለ ገመድ ግን ራሱን ጠቅልሎ፣ በብርቱካናማ የድርቆሽ ማሰሪያ ሲባጎ ከመጎተቻው ብረት ጋር ራሱን አያስርም። ግራንትን ሲያወጡት ቆሜ በዓይኔ ያየሁት ይህን ነው። ያ ሲባጎ ከአማቴ ኪስ አይጠፋም። የላላ በርም ሆነ የተበጠሰ ቀበቶ የሚያስሩት በእሱ ነው። ከክሊኒክ ከወጡ ወዲህ መድኃኒቴን ከፒካፑ ልውሰድ ብለው ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል። መድኃኒታቸው ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ከዚያው አውጥተው ሲውጡ አይቻለሁ። ስለዚህ መኪናውና ተጎታቹ ተጎትተው የመጡበት የዚህ ጽሕፈት ቤት ግቢ እንዲታሸግ እጠይቃለሁ።

10፡40 ላይ አማቴ ግቢውን አቋርጠው ወደ ፒካፑ ሲሄዱ በዚህ ክፍል መስኮት አይቼ ስለተናገርኩ፣ ቃሌ ለዘጠኝ ደቂቃ ተቋርጧል።

ቃሌ ሲቀጥል ሲባጎው ከአማቴ እጅ ተወስዶ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አንዱ ጎኑ በኪስ ቢላዋ ተቆርጧል። ቋጠሮው እንዳለ ነው። አማቴ በሩ ላይ ቆመው «ዴሊያ፣ ልጄ እኮ ነው» አሉኝ።

«የእኔም ባል ነው» ብዬ መልሻለሁ።

ይህ ቃል ከአፌ እንደወጣ ተጽፎ ተነቦልኛል። አስቀድሞ የተዘጋጀው ወረቀት በእጄ ተሰርዞ ከዚህ ጋር ተያይዟል። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ባለቤቴ ሲነቃ በፊቱ እደግመዋለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ዴሊያ ማ. ስቶልትዝ
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሸሪፍ ኦርቪል ታገርት
ሰዓት፦ ከቀኑ 11፡02