ጋሼ አራሚና መውጫ የሌለው ፕሮግራም

«ከገቡበት መውጫ የለውም!»

ይህን ወሬ በማተሚያ ቤቱ የሚያዞሩት የማረሚያ ክፍሉ ሽማግሌ፣ ጋሼ አራሚ ነበሩ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ጥግ ይዘው፣ «ያን በቁልፍ ብቻ የሚሠራውን የጽሑፍ ፕሮግራም እንዳትነካ፤ ማስገባት እንጂ ማስወጣት አያውቅም» ይላሉ።

አንድ ቀን የክፍላቸው ጣሪያ አፈሰሰና የሚያርሙትን ወረቀት በደረታቸው አቅፈው ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ሮጡ። ባዶ የነበረችው ወንበር አንዲት ብቻ፣ እሷም ከምላጭ አጠገብ። ጸሐፊዋን ምላጭ ያሰኛት ምላሷ ነው። ፕሮግራሙን ማንም ሳያስተምራት ለብቻዋ አንብባ ተምራለች፤ ይህን ሳትነግረው የምታልፈው ሰውም የለም።

«ይግቡ ጋሼ፤ እዚህ ቤት እንኳ መውጫው በበሩ ነው።»

«ቀልጂ አንቺ! የተቃጠለው እኔ።»

ወረቀቱን ዘረጉ። የመጽሐፉ ደራሲ የዋናውን ገጸ ባሕርይ ስም ለውጦ ኖሮ ገጹ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ደምቷል።

«ስንት ቦታ ነው?»

«ሁለት መቶ አሥራ አንድ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።»

ምላጭ የመጽሐፉን ጽሑፍ በኮምፒውተሯ ከፍታ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈች። ጋሼ መነጽራቸውን እስኪያደርጉ ስሙ ሁሉ ተለውጦ ጠበቃቸው።

«የማይለወጠውን ቢለውጥስ?»

«አንድ ቁልፍ ነክቼ እመልሰዋለሁ። ከፈለግሁም እያንዳንዱን እንዲጠይቀኝ አዘዋለሁ። እጄ ማውስ ፍለጋ አይንከራተት፣ አንጓዬን አያመኝ።»

«እኔ ስጽፍበት ግን መስመር ይሰርዝብኛል።»

«ሁለት ጠባይ አለው እኮ! አንዴ ይጽፋል፣ አንዴ ይታዘዛል። እርስዎ የጻፉ መስሎዎት እያዘዙት ነው። ግራ ሲገባዎት ከላይ በግራ ጥግ ያለችውን ቁልፍ መምታት ነው፤ ለትእዛዝ ይዘጋጃል።»

«መታኋት እኮ! ከዚያ የመውጫውን ትእዛዝ ብጽፍ፣ ብጽፍ እምቢ አለኝ።»

«የቁልፍ ሰሌዳው በአማርኛ ላይ ነበር?»

«በምን ሊሆን ኖሯል? የምጽፈው አማርኛ!»

ምላጭ ሳቀች። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያት። «ጋሼዬ! እሱ የሚታዘዘው በላቲን ፊደል ነው። በማያውቀው ፊደል ሲለምኑት ነዋ የዋሉት! ቋንቋውን ለመቀየር ሁለት ቁልፍ በቃ።»

ጋሼ አልሳቁም።

«ሁለት ቁልፍ» አሉ። «እኔ ሶኬቱን ነቀልኩት።»

ቀስ ብለው ነገሯት። ከአራት ዓመት በፊት፣ አርባ ዓመት ያዋለደችው ታላቅ እህታቸው ዓይኗ ሲጠፋ፣ የምታውቀውን ሁሉ ለአዋላጅ ተማሪዎች እንዲቀር በቃሏ ትነግራቸው፣ እሳቸው ይጽፉ ነበር። አንዴም ሳያስቀምጡ አንድ ወር ሙሉ የጻፉት ሶኬቱን በነቀሉባት ቅጽበት ጠፋ። «እታለም ስነግራት፣ እንደገና የምናገርበት ትንፋሽ የለኝም ብቻ አለች። በዓመቱ ሞተች።»

ሰው አንድ ቀን የተሸነፈበትን ነገር ለሌላው ሕግ አድርጎ ሲኖር ስንፍና ይመስለናል። ምላጭም እንዲያ መስሏት ኖሯል።

«ኮምፒውተሩስ?» አለች በተሰበረ ድምፅ።

«እቤቴ፣ ዕቃ ክፍል። ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም።»

እቤታቸው አብረው ሄደው አቧራውን ጠርገው አበሩት። ጽሑፉን ልትከፍት ስትል ፕሮግራሙ አንድ ጥያቄ አወጣ፦ ሳይቀመጥ የቀረ ቅጂ አለ፤ ይምጣ ወይ? በየጥቂት ሰከንዱ ለራሱ ድብቅ ቅጂ ሲያስቀምጥ ኖሯል። ምላጭ አንድ ቁልፍ ነካች። የአዋላጇ ቃል ከመጨረሻው አንድ ዓረፍተ ነገር በቀር ሁሉም መጣ።

ጋሼ ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ያኔ መልሼ ብከፍተው ኖሮ...»

ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው ተለወጠ። «ግቡበት፣ አትፍሩ! ከማዘዛችሁ በፊት ቋንቋውን ቀይሩ። አንቀጽ በጨረሳችሁ ቁጥር አስቀምጡ። ሶኬት ግን እንዳትነኩ!» ይላሉ። የሁለት ቀን እርማት ከምሳ በፊት ያልቅላቸው ጀመር፤ የእጃቸው አንጓ ሕመም ተዋቸው፤ የእህታቸውም መጽሐፍ ለተማሪዎቹ ሊደርስ ማተሚያ ገባ።

የመጨረሻውን እርማት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያዩ፣ ጋሼ ቀና ሳይሉ፣

«ያን ቀን እኮ ሶኬቱን ሳልነቅል ልጠይቅሽ መጥቼ ነበር፤ እዚህ በርሽ ድረስ» አሏት።

«ታዲያ ምነው ሳይገቡ?»

«የመጽሐፍ ጥረዛ ክፍሉ ሰውዬ አንድ ነገር ጠይቆሽ ስትስቂበት ሰማሁና ተመለስኩ።»